ሙቅ ውሃ እንዳይነካው

ሰኔ 12

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ከረሙ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ከዝናቡና ከአለቃዬ ምላስ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ካፖርቱ ደርሷል። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሾፌር ራሱ ከመናኸሪያው ተሸክሞ አመጣልኝ። ክብደቱ ቢያስገርመው አባትሽ የላኩት ልብስ ነው ወይስ ፍራሽ ብሎ ጠየቀኝ። ወንድም ጋሼ በዚያኑ ቀን ለበሰው። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል፤ ሳይለኩት በሐሳብ ብቻ ቆርጠው እንዲህ መግጠሙ ሁለታችንንም አስደንቆናል። ገበሩን ገልብጦ ድርብ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። ኪሱ ውስጥ የጻፉለትን ብጣሽ ወረቀትም አግኝቷል። «ሙቅ ውሃ እንዳይነካው» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበልኝና አጣጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ስለዚህ በውሃው በኩል ሐሳብ አይግባዎ፤ ትዕዛዝዎ ተከብሯል።

ለምን በራሱ እጅ አይጽፍም ላሉት፣ ያው ያውቁታል፤ ለቀለም ቀቢ ብሩሽ እንጂ ብዕር አይስማማውም። ምሳውን በደንብ ይበላል። ትንሽ ሳል ነገር ነበረችው፣ አሁን ተሽሎታል።

ስለ አዲሱ ሥራዬ ለጠየቁኝ፣ ሆቴሉን ትቻለሁ። አሁን ያለሁት ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች የሚታጠቡበትና የሚታከሙበት መጠለያ ውስጥ ነው፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል የኔ ነው። ማጠቢያ ይባል እንጂ ከሳሙናው ይልቅ የሚሠራው እሳቱ ነው። ትልልቅ በርሜሎች አሉን። የሚገባ ሰው የለበሰውን ሁሉ በር ላይ አውልቆ ይሰጣል፣ እኛ እንቀቅላለን፣ እናሰጣለን፣ እንተኩሳለን። ባልደረባዬ አንዳንዱን ሱሪ ስታቀብለኝ ደህና አድርገሽ ያዢው፣ ካስቀመጥሽው ብቻውን ተነስቶ ይሄዳል ትለኛለች። እየሳቅን እንውላለን። እጄ ግን ተላልጧል፤ እማዬ ያንን ቅባቷን ትላክልኝ።

ልጅዎ


ሰኔ 25

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኛ እንደተውሽን ነን። እኔ ጆሮ የለኝ፣ እናትሽ ዓይን የላት፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል። እሷ ያላየችውን እኔ አነብላታለሁ፣ እኔ ያልሰማሁትን እሷ ጆሮዬ ስር ጮክ ብላ ትነግረኛለች፤ ስንጣላ ግን ሁለቱም ይቀራል። ቅባቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰድጃለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ልጄ፣ እኔ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተጣፈ ነገር ከሩቅ ይታየኛል። ምሳውን እንደሚበላ ጽፈሻል፣ እራቱን የት እንደሚበላ አልጻፍሽም። ካፖርቱን ለበሰው አልሽ፣ የት እንደሚሰቅለው አላልሽም። ብርዱ ገና ሳይጠና በዚያኑ ቀን ካፖርት ውስጥ የሚገባ ሰው ምን ዓይነት ቤት ያለው ሰው ነው? በፊት በደብዳቤሽ ግርጌ እሱም አንድ መስመር ይጨምር ነበር፤ «አባባ፣ መነጽርዎን ይወልውሉ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያቺ መስመር ከጠፋች ቆይታለች።

ስልክ እንዳትደውዪ። እኔ አልሰማም፤ የምታነሳው እናትሽ ናት፣ እሷ ደግሞ ልቧ እንደ ድሮው አይደለም። ደብዳቤሽ ሲመጣም አጠገቤ ቁጭ ብላ ጮክ በል ትለኛለች። የማይነበብ ነገር ሲያጋጥመኝ መዝለል አለብኝ፤ መዝለል ደግሞ አልችልበትም፣ ምላሴ ይያዛል፣ ወዲያው ታውቅብኛለች። ስለዚህ ከእንግዲህ በሁለት ወረቀት ጻፊ። አንዱ ጮክ ተብሎ የሚነበበው ይሁን፤ ሰላምታሽንና ቀልድሽን እዚያ ላይ አድርጊው። ሌላውን አጣጥፈሽ ለብቻው ላኪ። እሱን እናትሽ ስትተኛ ሱቅ ውስጥ አነበዋለሁ።

ወንድምሽ የት ነው የሚያድረው?

አባትሽ


ሐምሌ 4
ሁለተኛው ወረቀት፣ ለብቻዎ

አባባ፤

ይቅር ይበሉኝ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስለ አከራያችን ድመት ጽፌያለሁ፤ ለእማዬ እሱ ይበቃታል። ይሄኛው ግን እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም።

ወንድም ጋሼ የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። የተዘጋ የጫማ መደብር አለ፣ እሱ ደጃፍ ላይ፣ ከሌሎች ጋር ተደጋግፎ። ግድግዳ ሲቀባ የቆመበት እንጨት ከሥሩ ተሰብሮ ከወደቀ ጀምሮ ወገቡ እሺ አላለውም፤ ወገቡን የሚይዝ ቀለም ቀቢ ደግሞ የሚቀጥረው የለም። ክፍሉን ለቀቀ። እኔ ጋ እደር ብዬ ለመንኩት። አንቺ ራስሽ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል እየተኛሽ የት ልታደርጊኝ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል። ሰው ሆኜ እስክመለስ አትንገሪያቸው ነው ያለኝ። መሐላዬን አፍርሼያለሁ፣ እሱንም እርስዎንም ነው ይቅርታ የምጠይቀው።

ብርዱ ሲጠና አጠገቡ የሚተኙት ሰዎች የካፖርቱ ጫፍ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱም አይከለክልም፣ ያውቁት የለ። በዚያ መሃል ተባይ ገባበት። የራስ ፀጉር ላይ የሚወጣው አይደለም፣ የልብስ ነው፤ ስፌት ውስጥ እየተኛ ሰው የሚበላ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ይኸው ተባይ የሚያመጣው ትኩሳት የየበረንዳውን ሰው እየጣለው ነው። ግርሻ ይሉታል። ሰውየው እንደ እሳት ይነዳል፣ ራሱንና መገጣጠሚያውን ይፈልጠዋል፤ ከዚያ ላብ በላብ ሆኖ ድንገት ይለቀዋል። ዳንኩ ብሎ ይነሳል፣ ይስቃል፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመለስበታል። ሲመለስ ሰውየውን ከበፊቱ ደክሞ ያገኘዋል። ወንድም ጋሼን ሰሞኑን አንዴ ጥሎት ለቆታል። ያኔ ሳል ብዬ የጻፍኩልዎ የበረንዳው ብርድ ያመጣበትን ነው።

መድኃኒቱ አለ አባባ። አንድ መርፌ ነው፤ እኛው ጋ፣ ከኔ በርሜል በግድግዳ ተለይቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ግን መርፌው ከተወጋ በኋላ ትኩሳቱ ከመብረዱ በፊት ይብስና ሰውየውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ልብ የሚያደክም መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ነርሳችን፣ ሲስተር የምንላት፣ ወግታ ወደ በረንዳ አትለቅም፤ ተኝቶ መታየት አለበት። ለመተኛት መግባት አለበት። ለመግባት የለበሰውን ሁሉ ለበርሜሉ መስጠት አለበት። ይሄ ሕግ ለማንም አይላላም፤ አንድ ያልተቀቀለ ልብስ ሾልኮ ከገባ የተኙት ሁሉ እንደገና ይያዛሉ፤ ውጪ ቢቀርም ሌላ ሰው ለብሶት ይያዛል።

ወንድም ጋሼ ሸሚዙን ሰጠ፣ ሱሪውን ሰጠ፣ ካፖርቱ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ከኪሱ ያቺን ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ ለሲስተር አሳያት። «አባባ ካዘዙኝ ሁሉ እስካሁን ያልሻርኩት ይቺን ብቻ ነው» አላት። ከዚያ ሸሚዙንና ሱሪውን መልሶ ለበሰና ሄደ።

ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ልብስ ስቀቅል እውላለሁ። ማታ ስወጣ በመደብሩ በኩል አልፋለሁ፣ እሱ እዚያ ካፖርቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ልጅዎ


ሐምሌ 13

ልጄ፤

የድመቷን ነገር እናትሽ ሁለቴ አስነበበችኝ። ያንኛውን ወረቀት ሱቅ ውስጥ አነበብኩት። ሱሪ እየሰፋሁ ነበር፤ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ገጥሜ ሰፍቼው ተገኘሁ። ስተረትረው ዋልኩ።

ተባይ ተባይ አትበዪ፣ ቅማል ነው። ስሙን ስላሳመርሽለት አይራራልንም።

መጣሁ ልልሽ ተነስቼ ነበር። እናትሽን ለማን ትቼ? ከጓዳ እስከ ሱቅ ግድግዳ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ይዣት ልምጣ ብል ደግሞ የት ልወስዳት ነው? ከበረንዳው ፊት ላቆማት ነው? ኮቴን ለብሼ፣ ኮቴን አውልቄ፣ ተቀመጥኩ።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ያ ሱፍ በዋዛ የሚገኝ ሱፍ አይደለም። ወንድምሽ ሲያገባ ልሰፋለት ያስቀመጥኩት ነው። ከተቀቀለ አለቀለት። ሱፍ ሙቅ ውሃ ሲገባ ይኮማተራል፣ ይጠጥራል፣ የሕፃን ልብስ ይሆናል፤ ከዚያ ክረምቱን በምን ሊያልፍ ነው? በርሜል አያስፈልገውም። እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርጊና በጋለ ካውያ ስፌት ስፌቱን ተጫኚው። ከገበሩ በኩል ጀምሪ። ብብቱ ስር፣ አንገትጌው ስር፣ እጅጌው ከትከሻው የሚገጥምበት ላይ ቆየት በዪ። እኔ የደንበኞቼን አሮጌ ልብስ እንደዚያ ነው የማጸዳው፤ ቅማሉም ቅጫሙም ይረግፋል። ለሲስተሯ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሥራውን ያውቃል በያት። ለእሱም ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። አባትህ ካውያ ይበቃል ብሏል በዪው።

ደግሞ ሰው ሆኜ እስክመለስ የሚለውን ነገር ይተው። ሰው አይደለህም ያለው ማን ነው?

አባትሽ


ሐምሌ 24
ለብቻዎ

አባባ፤

ከደብዳቤዎ በኋላ በሾፌሩ አፍ የላኩልኝ መልእክትም ደርሶኛል። ጎትታችሁም ቢሆን አስገቡት ብለዋል። ለሲስተር ነገርኳት። ከዚህ በፊት አንዱን ጎትተው አስገብተውት ነበር አሉ፤ በማግስቱ የበረንዳው ሰው በሙሉ ሰፈር ቀየረ፣ የሚያገኘው ጠፋ። ስለዚህ ጉልበት አይሆንም አለችኝ። እኔም ጉልበቱ የለኝም።

ካውያውን ሞክሬዋለሁ። ሲስተር መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች፣ በኋላ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ተኩሺውና አየዋለሁ አለች። ወንድም ጋሼ የኛን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የጓሮው በር ላይ ቆመ። እርስዎ እንዳዘዙኝ ከገበሩ በኩል ጀመርኩ። አጠገቤ በርሜሉ ይፈላ ነበር። ካፖርቱ እጄ ላይ ነበር አባባ፤ ብጨምረው ኖሮ በዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ደግሞ ከበሩ ሆኖ «ብብቱ ስር፣ አባባ ብብቱ ስር ብለዋል» ይለኛል፣ ልክ እርስዎ አጠገቡ የቆሙ ይመስል ደስ ብሎት። አልጨመርኩትም። ከዚያ በኋላ አያምነኝም ብዬ ፈራሁ።

ስጨርስ ሲስተር መርፌ አምጥታ የብብቱን ስፌት ትንሽ ፈታ አደረገችው። ከላይኛው ስፌት ስር ያሉት ሞተዋል። ከታችኛው ስር ያሉት ይንቀሳቀሱ ነበር። ድርብ ስፌትዎ ሙቀት አያስገባም። እሱን ከብርድ የጠበቀው እነሱንም ከካውያው ጠብቋቸዋል። ሲስተር ካፖርቱን መልሳ ሰጠችው፤ እሱም አመስግኗት ለበሰው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ግርሻ ጣለው። ካጎነበሰበት ቀና ማለት አቅቶት እዚያው በረንዳ ላይ ውሃ ሳጠጣው ሰነበትኩ። ሲለቀው እንደገና ድኛለሁ አለኝ። ፊቱ ግን የአጎቴን ፊት መስሏል፣ የሽማግሌ ፊት።

አሁን ያደረግኩትን ልንገርዎ፣ ይቆጡኝ። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ አስመስዬ «ልጄ፣ ካፖርቱን ቀቅለው» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩና ወሰድኩለት። አነበበው። ባለፈው ሳምንት ካውያ ይበቃል ያሉት አባባ በዚህ ሳምንት ሱፍ ቀቅል ይላሉ? ብሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ውሸት አልተፈጠረልሽም» አለኝና ራሴን ዳበሰኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን እርስዎ እውነተኛውን ቢጽፉለት እንኳ የኔ ነው የሚል ይመስለኛል። በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ሲስተር ሦስተኛው ከመጣበት ልቡ የሚችለው አይመስለኝም ትላለች። ምን ላድርግ?

ልጅዎ


ነሐሴ 1

ልጄ፤

የምቆጣበት ፊት የለኝም።

በዚህ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አለ። ካፖርቱ ሲቆረጥ የተረፈ ነው፣ ያው ሱፍ ነው። ሁለቱንም እኩል አድርጌ ቆረጥኳቸው። አንደኛው እንዳለ ነው። ሌላውን ድስት ውስጥ ጨምሬ ቀቀልኩት። እናትሽ ምን ሸተተኝ ስትል ክር እያቀለምኩ ነው አልኳት። እስኪፈላ ቆሜ አየሁት። ከዚያ የሁለቱንም ዙሪያ በእጄ ዘመዘምኩት። ያንን ዝምዝማት ከኔ በቀር የሚሠራው እንደሌለ ወንድምሽ ያውቃል፤ ክር በመርፌ እያስገባልኝ ነው ያደገው። አንቺ ደግሞ መርፌ ላይ እንዴት እንደሆንሽ ያውቃል፣ ስለዚህ አንቺ ሠራሽው አይልም። እጁ ላይ አድርጊለትና ይህን አንብቢለት፦

«ልጄ፣ አባትህ ነኝ። ሙቅ ውሃ እንዳይነካው ያልኩት ለካፖርቱ ሳስቼ ነው። ምን እንደሚሆን አሳይሃለሁ፣ እነሆ እጅህ ላይ ነው። ይጠባል፣ ይጠጥራል፣ ከዚህ የባሰ ነገር አይሆንም። ትዕዛዜን የሻርኩት እኔው ነኝ፣ አንተ አልሻርክም። አውልቀህ ስጣቸው። ሌላ እሰፋልሃለሁ።»

ከዚህ በታች ያለውን አታንብቢለት።

ካውያ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ እየነደደ እኔ ስለ ጨርቅ አወራሁ። ሥራዬ ነው መሰለኝ፤ ልብስ ሲበላሽ ማየት አልችልም። ሾፌሩ ይህን እንዳይዘገይበት ለምኜዋለሁ። ከመናኸሪያው ተቀብለሽው ቀጥ ብለሽ ወደ በረንዳው ሂጂ።

አባትሽ


ነሐሴ 9
ለብቻዎ

አባባ፤ ሰጠን።

ስደርስ ሦስተኛው ጀምሮታል። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ደግፈው ይዘውታል። ጨርቆቹን መዳፉ ላይ አደረግኩለት። ዓይኑን አልገለጠም፤ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን፣ ዝምዝማቱን፣ ቀስ እያለ ዞረው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ዞረ። ከዚያ የጻፉለትን አነበብኩለት። ሲያልቅ ድስት ውስጥ ነው የቀቀሉት? አለኝ። አዎ አልኩት። እማዬ ምን አለች? አለኝ። ክር እያቀለሙ እንደሆነ ነግረዋት አመነች ስለው ሳቀ አባባ፤ የጥርሱ ድምፅ ከሳቁ ይልቅ ይሰማ ነበር፣ ግን ሳቀ።

ቁልፎቹን እኔ ልፍታልህ ብለው እምቢ አለ። በራሱ እጅ ከላይ ወደ ታች ፈታቸው። ያቺን ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ያዛት። ካፖርቱን በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።

አሁን ውስጥ ነው። አጥበውታል፣ ፀጉሩን ላጭተውታል፣ የኛን ነጭ ሸሚዝ አልብሰውታል። አልጋው ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ካፖርቱ ሞልቶ ስለሚታይ ውስጡ ምን ያህል ሰው እንደቀረ አላየሁም ነበር። ሲስተር መርፌውን ከመውጋቷ በፊት እጁን ይዛ ቆየች። ከሁለተኛው በፊት ቢሆን ጥሩ ነበር አለች፤ ወዲያው ስላየችኝ ግን አሁንም ጥሩ ነው አለች። ወጋችው።

ይህን የምጽፈው ማጠቢያው ክፍል ሆኜ ነው። መንቀጥቀጡ መጥቷል። አልጋው ግድግዳውን ሲመታ ከዚህ ይሰማኛል። ሲስተር አጠገቡ አለች፣ እኔን ውጪ አለችኝ፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል ብዬ ወደ በርሜሌ መጣሁ። ካፖርቱን በገዛ እጄ ጨመርኩት። እየፈላ ነው። ቅድም ገብቼ ሳየው «ምን ያህል ጠበበ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገና አልወጣም አልኩት። ሲወጣ አሳዪኝ አለኝ።

ሾፌሩ ውጪ ጥሩንባ እያሰማ ነው፤ ዛሬ ካልሰጠሁት እስከ ሳምንት አይመለስም። ሳልጨርሰው ልሰጠው ነው። ለእማዬ የሚነበበው ወረቀት ላይ የድመቷ ልጆች ዓይናቸውን እንደገለጡ ጽፌያለሁ፤ እውነት ነው፣ ገልጠዋል።

ግድግዳው አሁን ዝም አለ። በርዶለት ይሆናል። ልሂድና ልየው።

ልጅዎ


ነሐሴ 21

ልጄ፤

ሾፌሩ መጣ። ጥቅሉን ከመስጠቱ በፊት ኮፍያውን አወለቀ። ወንበር ሳብኩለት፣ አልቀመጥም አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አልሰማውም። ጮክ በል እንዳልለው እናትሽ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ሰውየው ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘና የልብስ ጠመኔዬን አንስቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ «አረፈ» ብሎ ጻፈልኝ። በመዳፌ አጠፋሁት። እጄ ነጭ ሆኖ ዋለ።

ጥቅሉ ውስጥ ያስቀመጥሽውን አነበብኩ። ግድግዳው ዝም ያለው በርዶለት እንዳልነበረ፣ ልቡ መንቀጥቀጡን እንዳልቻለው፣ የበረንዳው ሰዎች ሁሉ ሊቀብሩት እንደመጡ ጽፈሻል። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን ለበርሜሉ መስጠት እንደጀመሩም ጽፈሻል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም። ሲስተሯን አመስግኚልኝ። ሁለቱን ቁራጭ ጨርቆች ከእሱ ጋር ማስቀበርሽ ደግ ነው። ሲያርፍ አንቺ በርሜሉ ጋ ስለነበርሽ ራስሽን አትክሰሺ። ያንቺ እጅ የኔን ትዕዛዝ ነው የጠበቀው።

ለእማዬ ነግረዋታል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልነገርኳትም። ልነግራት ተነስቼ ነበር። የሆነውን ልንገርሽ።

ካፖርቱን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እንዳልኩት ሆኗል። ሱፉ ተኮማትሯል፣ ገበሩ አልጠበበም፣ ውስጡ ተጨማዶ ተሸብሽቧል። ልተረትረው ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ድርብ ስፌቴን አንድ በአንድ ፈታሁት፤ እንዲህ ጠንካራ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም፣ ምላጩን እንኳ አስቸገረው። ቅማሎቹ እጥፋቱ ውስጥ ነበሩ፣ በተርታ፣ ሞተው ነጭ ሆነው። ገበሩንና የመሃሉን ጥጥ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሱፉ ብቻ ነው።

እናትሽ ግድግዳውን ይዛ መጣች። ጠረጴዛውን ስትደግፍ እጇ ካፖርቱ ላይ አረፈ። ትከሻውን ዳሰሰች፣ አንገትጌውን ዳሰሰች፣ እጅጌውን እስከ ጫፉ ተከተለችው። ፊቷ በራ።

«ይሄ የልጅነቱ ነው» አለችኝ። «የት አግኝተኸው ነው?»

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ሳጥኑ ስር ወድቆ ነው አልኳት።

አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ በእጇ ወገቧ ድረስ ለካች፤ ይህን ሲለብስ ቁመቱ እዚህ ድረስ ነበር አለችኝ። እንዳትጥለው አለችኝ። ወንድምሽ ሚስት አግብቶ ሲመጣ ለልጁ ይሆናል፣ ብል እንዳይበላው ከፍ አድርገህ ስቀለው አለችኝ። ልትሄድ ከዞረች በኋላ ተመልሳ አንዱን ቁልፍ በጣቷ ያዘችና ቁልፉ ለልጅ ትልቅ ነው፣ ቀይረው አለች።

ድመቷ እንዴት እንደሆነች ጻፊላት፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ስለ ወንድምሽ ምን እንደምትጽፊላት አላውቅም። ምንም አትጻፊ ልበልሽ ወይስ ጻፊ ልበልሽ፣ አላውቅም ልጄ። እኔ እዚህ ተቀምጬ ትንንሽ ቁልፍ እየተከልኩበት ነው።

አባትሽ